የዋልካ ውኃ

እነዋሪ ላይ ክረምት ሲገባ፣ አባቴ አርሶ እንዳበቃ ቤተሰቡ ሁሉ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብ ያወጣል፤ ቦይ ይከፍታል። ዋልካ ውኃ ይይዛል፤ መውጫ ያጣ ውኃም ዘሩን ያበሰብሳል።

ልቤ የሚያዘነብለው ወደ ወንድ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ በእኔም ውስጥ እንዲህ ያለ ውኃ ተኝቷል። እንቅልፍ ባጣሁ ጊዜ እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ ያስጨነቀኝን ግን አልነገርኋትም። አዲስ አበባ ለኤች አይ ቪ ምርመራ የቀረብሁ ዕለት አማካሪዋ፣ «ባለትዳር ነህ ወንድሜ? የሴት ጓደኛስ?» አለችኝ።

«የለኝም» አልኋት።

«ታዲያ ምን አሰጋህ?» ብላ ፈገግ አለች።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በእስራት ይቀጣልና ዝም አልሁ። ውጤቴ ነጻ ነበር፤ ልጠይቅ የሄድሁትን ግን ሳልጠይቅ ተመለስሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ ምክሩ ግን እውነቱን መናገር ለሚፈራ ሰው አይደርሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ፍቅር ከበሽታዎች መዝገብ የሰረዘው በ1990 እ.ኤ.አ. ነበር። እኔ ግን ዛሬም ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋለሁ።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስገባ አባቴ ከማሳው ዳር ቆሞ፣ «መውጫ ካልሰጠኸው ይገድለዋል» አለኝ።

ስለ ስንዴው ነበር የሚናገረው።