ፋይሉ ፍራንክፈርት፣ ጣቱ አዲስ አበባ

አዲስ አበባ የተቀመጠ ፕሮግራመር ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ውስጥ በኤስኤስኤች ገብቶ አንድ ፋይል ሲያርም፣ የሚነካት እያንዳንዷ ፊደል መንገደኛ ናት። ጀርመን ደርሳ ካልተመለሰች ስክሪኑ ላይ አትታይም። በሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ ቢለካ 5,300 ኪሎሜትር ገደማ አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት በጎረቤት አገር በኩል ዞሮ ነው ባሕር የሚገባው። መስመሩ ሲጨናነቅ የሚሆነውን የሠራበት ያውቀዋል፦ ማጥፊያውን ይጫናል፣ ምንም የለም፤ ይደግማል፣ አሁንም የለም፤ ይሠልሳል፤ ድንገት ሦስት ፊደል አንድ ላይ ይጠፋል።

ችግሩ የቆየ ነው። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በርክሌይ ሆኖ ቪአይ የተባለውን ኤዲተር ሲጽፍ፣ ከቤቱ የሚገናኘው በ300 ቦድ ሞደም ነበር። በሰከንድ 30 ፊደል ማለት ነው። 80 ፊደል በ24 መስመር የሚይዝ ስክሪን በዚህ ፍጥነት ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ትእዛዞቹ እጅግ አጫጭር ሆኑ፤ አንድ መስመር ለመሰረዝ ዲን ሁለቴ መንካት ይበቃል። ዛሬ የቪአይ ተተኪ በሆነው በቪም የሚሠሩ ሰዎች በኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ወዲያ ወዲህ የሚሉትም፣ ጆይ በነበረው ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል ላይ የቀስት ምልክቶቹ በእነዚያ ቁልፎች ላይ ስለታተሙ ነው። ጊዜው ያለፈበት ነው እያሉ የሚንቁት ይሳሳታሉ። ለደካማ መስመር ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ነው፣ ደካማ መስመር ደግሞ አሁንም የብዙ ሰው የዕለት ኑሮ ነው።

ሌላው መንገድ ፋይሉን ራሱን ማምጣት ነው።

ካይ ግሮስዮሃን እ.ኤ.አ. በ1998 ኢማክስ ለተባለው ኤዲተር መሥራት የጀመረው ትራምፕ የተባለ ቅጥያ ይህን ያደርጋል። ፋይሉ ሲከፈት ቅጂው ወደ ላፕቶፑ ይመጣል፣ ሴቭ ሲደረግ ይመለሳል። ጥበቃው ሲከፈትና ሲቀመጥ ብቻ ስለሆነ፣ በመሃል ጽሑፉ ከጣት እኩል ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው የቪኤስ ኮድ ኤዲተር መላ ደግሞ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል፦ የሚታየው ገጽ ላፕቶፑ ላይ ይቀራል፣ ረዳቱ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ይጫናል። ምቹ ነው፤ ግን ሰርቨሩ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ራም እንዲኖረው ይጠይቃል፣ የሚመከረውም 2 ነው። በርካሽ ለተከራየ ትንሽ ሰርቨር ይህ ከባድ ሸክም ነው። አንድ መስመር ለማስተካከል ቪአይ፣ ቀኑን ሙሉ ኮድ ለመጻፍ ቅጂውን ወደ ራስ ማምጣት ይሻላል።

መብራት ሲጠፋና ኢንተርኔቱ ሲቋረጥስ? ቪም በየ200 ፊደሉ፣ ወይም ጸሐፊው ለ4 ሰከንድ ሲያርፍ፣ ያልተቀመጠውን ሥራ በጎን ፋይል ይይዘዋል። ተመልሶ የገባ ሰው ያንኑ ፋይል ሲከፍት፣ የቀረውን ሥራ መልሶ ማግኘት ይችላል። ኤምአይቲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሞሽ የተባለ የሩቅ መገናኛ ፕሮግራም ከዚህም ያልፋል። የተነካችውን ፊደል መልስ ሳይጠብቅ ገምቶ ያሳያል፤ መስመሩ ሲዘገይ ገና ያልተረጋገጠችውን ከሥሯ ያሰምርባታል። ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ቢዞሩም ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ሞሽ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ መጫን አለበት፤ በዩዲፒ ስለሚሠራም የሰርቨሩ ፋየርዎል ከ60000 እስከ 61000 ካሉት ፖርቶች ሊከፍትለት ይገባል።