ስሙ ከዝርዝር የወጣበት ወንድሜ

ዛሬ ሮቢት፣ እናታችን ቤት ቡና ላይ ሳለን ወንድሜ ተደወለለት። አሠሪው ድርጅት ሥራ ከለቀቀ ሞክሼው ጋር አደናግሮ ከሕክምና ዋስትናው ሰርዞታል።

ሚስቱ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት!

«ይስተካከላል» ብለውታል። እስኪስተካከል ማን ይክፈል?

አጠገባችን የነበሩት ማሽላ አምራች ጎረቤታችን የጤና መድኅን ደብተራቸው በእጃቸው ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የኛው የወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች።

ለደመወዝተኛው፣ ሠራተኛና አሠሪ የሚያዋጡበት አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው ከዚያ ቀድሞ፣ በ2002 ዓ.ም. ነው። አፈጻጸሙ ግን ለዓመታት ተጓተተ። ያሳዝነኛል።

ወንድሜን «በቃል አትመን፣ በደብዳቤ ጠይቅ፤ ቅጂውንም ያዝ» ብዬዋለሁ።

እናንተስ፣ ዋስትናችሁ ዛሬ እንደሚሠራ የሚያሳይ ወረቀት በእጃችሁ አለ?