አሥራ ሦስት ሰዓት ነው፣ አይመጣም?

ከየካ ሚካኤል ወደ እንጦጦ ከፍ ብለን ወደ ቦሌ ስንመለከት አውሮፕላኖች ሲያርፉ እናያለን። ከዋሽንግተን ዱለስ የሚነሣው 11,500 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ይመጣል። ሲሄድ ግን ርቀቱ ያው ሆኖ መንገዱ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣልና አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ነፋሱም ከፊት ነው። ስለዚህ መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ሮምና ደብሊን ለዓመታት ማረፊያዎቹ ነበሩ።

ይህን ማንሣታችን በለቅሶ ቤት «አሥራ ሦስት ሰዓት ነው፤ ለአባቱ አይመጣም?» ሲባል ደጋግመን ስለምንሰማ ነው። ሰዓቱስ ልክ ነው። ነገር ግን የጥገኝነት ጥያቄው ያልተወሰነለት ልጅ አገሩ ከገባ ጥያቄውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። (የቲኬቱን ዋጋ ሳናነሣ።) ለእንዲህ ያለው ልጅ መርዶ ላይ ወቀሳ ጨምሮ መደወል ጭካኔ ነው እንላለን። ጌታ ራሱ ቢታንያ ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖት ነበር። እኅቶቹ መዘግየቱን ሲነግሩት አልተቆጣም፤ አብሯቸው አለቀሰ።

በእኛ ጉባኤ ልጁ ሊመጣ ካልቻለ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ከእናቲቱ አጠገብ ይቀመጣል። የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እዚህ እኩለ ቀን ላይ አስከሬን ሲወጣ እዚያ ገና አልነጋም። ልጁ ግን ነቅቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ያልቅሱ፤ ስብከቱ ይደርሳል።