ዘሩን ከመውቀሳችን በፊት

ዛሬ ስለ አንዲት ደሴት ላውራችሁ። የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ደሴቷ ሰርትሲ ትባላለች። ከአይስላንድ በስተደቡብ፣ ከዳርቻው 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ውቅያኖስ ላይ ነው ያለችው። እ.ኤ.አ. እስከ 1963 ድረስ ግን ጭራሽ አልነበረችም። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 14 ማለዳ፣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወጥ ሠሪ ከባሕሩ ላይ ጭስ ሲወጣ አየ። ለካ ከባሕሩ ወለል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ኖሯል! ፍንዳታው እስከ 1967 ቆየና 2.7 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ መሬት ተወለደ። ሣር የለው፣ ትል የለው፤ ድንጋይና አመድ ብቻ።

ሳይንቲስቶች ደሴቷን ከሰው ዘግተው «እስቲ ማን ይመጣል?» ብለው መጠበቅ ጀመሩ።

ሰው ካልወሰደው ተክል ባሕር እንዴት ይሻገራል? በውኃ፣ በነፋስ፣ በወፍ። ዳርዊን 87 ዓይነት ዘሮችን ጨው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ሞክሮት ነበር፤ ከ28 ቀን በኋላ 64ቱ በቀሉ። ትንንሽ ሸረሪቶች ደግሞ ድራቸውን ወደ ላይ ይለቁና በነፋስ ተንሳፈው ይሄዳሉ። ወፍ ዘሩን በሆዷ፣ በላባዋ፣ እግሯ ላይ በያዘው ጭቃ ታደርሰዋለች።

የማይሻገርም አለ። ሃዋይ ከቅርቡ አህጉር 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሰው እስኪወስደው ድረስ እዚያ እንቁራሪት አልነበረም፤ ጨው ውኃ ይገድለዋላ። ከየብስ አጥቢዎችም በራሷ የደረሰችው የሌሊት ወፍ ብቻ ናት። የአንበሳ ጉልበት እዚህ ጋ ዋጋ የለውም።

ወደ ሰርትሲ ልመልሳችሁ። በ1965 የመጀመሪያዋ አበባማ ተክል ባሕር ዳር በቅላ ተገኘች፤ የእኛ ጎመን ዘመድ ናት። ብዙም ሳትቆይ አመድ ወረደባትና ሞተች። በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት 20 ዓይነት ተክሎች ደሴቷ ላይ ታዩ፤ ስር ሰደው የቀሩት ግን 10 ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዘሩ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ደርሷል። በቅሏልም። የጎደለው አፈር ነው።

ከ1986 ጀምሮ የባሕር ወፎች በብዛት እየሰፈሩ ጎጆ መሥራት ጀመሩ። ዓሣ ከባሕር ይበላሉ፣ ኩሳቸውን መሬቱ ላይ ይጥላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ድንጋዩ አፈር ሆነ፣ አረንጓዴ ለበሰ። በ1998 የአኻያ ቁጥቋጦ ተገኘ። እስከ 2008 ድረስ 69 ዓይነት ተክሎች ተመዝግበው 30 ያህሉ ኗሪ ሆነዋል።

(በመሃል የሚያስቅ ነገር፦ አንድ ቀን ቲማቲም በቅሎ ተገኘ። ቢጣራ፣ ሜዳ የተጸዳዳ ሰው በሆዱ ይዞት መጥቷል። ነቅለው ጣሉት።)

ይህን ለምን ጻፍኩ? ውጤት በወጣ ቁጥር «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ሰነፍ የለም አልልም፤ ክፍል ውስጥ የሚተኛውን እኔው ነኝ የምቀሰቅሰው። ግን እኔ ማይክሮስኮፕን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ነው የማስተምረው። አንድ መጽሐፍ ለአራት ነው። አንዳንዱ ልጅ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ባሕሩን ተሻግሯል እኮ! ደርሶ ያጣው መብቀያ ነው።

አምና ከእናንተ አንዱ ሁለት ካርቶን ያገለገሉ መጻሕፍት ላከልን። ስሜን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። መጻሕፍቱ ዛሬ ጠርዛቸው አልቋል፤ ከእጅ እጅ ሲዞሩ ነው ያለቁት። በእረፍት ሰዓት እነሱን ይዘው ዛፍ ስር የሚቀመጡ ልጆች አሉኝ።

ወፎቹ ደሴት እናልማ ብለው አልመጡም፤ ለእነሱ ትርፍ የሆነው ነው ለመሬቱ ሕይወት የሆነው። እናንተም ቤት አልጋ ስር የተቀመጠ የድሮ ደብተር፣ መጽሐፍ፣ የፈተና ወረቀት አይጠፋም። አትጣሉት። በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ መናኸሪያ ድረስ ወጥቼ እቀበላለሁ።

መልካም ምሽት።