ዋይፋያችን ተራ አስከባሪ ያስፈልገዋል

እኛ ደባሎች ነን። አራት ሰው፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት፣ አንድ ራውተር። በኪራይም በመብራት ሂሳብም ተጣልተን ታርቀናል። እስከ ዛሬ የሚያጣላን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ማነው አፕሎድ የሚያደርገው?»

ፊልም ማውረድ መዝናኛ ነው፤ ቢዘገይም ማንም አይሞትም። የሚከፈለን ግን ወደ ላይ በምንልከው ነው። ባለፈው ወር አንዷ ደባላችን በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ነበረች። ሌላው በዚያው ሰዓት እስከ 12 ሰዓት መድረስ ያለበትን ቪዲዮ ለደንበኛው እየላከ ነበር። ሁለቱም እውነት አላቸው። እሷ «ድምፅሽ ይቆራረጣል» እየተባለች ያንኑ መልስ ሦስቴ ደገመች። ሥራውንም አላገኘችም። (በዋይፋዩ ምክንያት ነው ብለን አንምልም።) ወዲያው መስመሩን ረገምን፤ የእሷን ላፕቶፕ በገመድ ራውተሩ ላይ ስንሰካው ግን ድምፁ ጥርት አለ። ጥሉ ያለው አየሩ ላይ ነው ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በለመድነው ዋይፋይ እያንዳንዱ መሣሪያ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላ እየላከ ከሆነ ይጠብቃል። አየሩ ፀጥ ሲል ለራሱ ዕጣ አውጥቶ ወደ ዜሮ ይቆጥራል፤ ቀድሞ የጨረሰው ይልካል። ሁለት እኩል ከጨረሱ ይጋጫሉ፣ የሁለቱም ይበላሻል፣ ከዚያም ከበለጠ ሰፊ ዕጣ እንደገና ያወጣሉ። ጨዋነት የሞላበት ሥርዓት ነው፤ ሰው ሲበዛ ግን ጨዋነቱ ራሱ ጊዜ ይበላል። ደግሞ ዕጣው የወጣለት አንዲት መስመር ጽሑፍ ለመላክም ቢሆን መንገዱን በሙሉ ይይዛል፤ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ጭኖ እንደሚሄድ ሚኒባስ። መኝታ ቤት ያለው ስልክ በረንዳ ያለውን ላፕቶፕ ላይሰማውም ይችላል። ሁለቱንም የሚሰማው ራውተሩ ነው።

ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ አሎሃኔትን ሥራ አስጀመሩ፤ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ተጠቃሚዎችን በሬዲዮ ከአንድ ዋና ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መረብ ነው። ከማዕከሉ ወደ ደሴቶቹ የሚናገረው አንድ ስለሆነ ችግር አልነበረም። ከደሴቶቹ ወደ ማዕከሉ ግን ሁሉም በአንድ ሞገድ ሳያዳምጥ ይልካል፤ መልስ ካጣ ቆይቶ ይደግማል። እንዲህ ያለው አሠራር በስሌት ቢበዛ 18 በመቶ ያህሉን የመስመሩን አቅም ብቻ ይጠቀማል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው 802.11ኤኤክስ፣ በገበያ ስሙ ዋይፋይ 6፣ ራውተሩን ተራ አስከባሪ አደረገው። መሣሪያዎቹ ምን ያህል የሚላክ ነገር እንዳላቸው ያሳውቁታል። እሱም አንድ አጭር ትዕዛዝ ያሰማል፤ አንተ በዚህኛው የሞገድ ቁራጭ፣ አንቺ በዚያኛው፣ ይህን ያህል ጊዜ፣ በዚህ ጉልበት። ትዕዛዙ ካለቀ ከ16 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ይጀምራሉ። አዎ፣ በአንድ ላይ! በጠባቡ የ20 ሜጋኸርዝ መስመር እንኳ እስከ ዘጠኝ መሣሪያ። ጉልበታቸው የሚለካው ቅርብ ያለው ሩቅ ያለውን እንዳይውጠው ነው። የሚልከው ቶሎ ያለቀበት መሣሪያ ደግሞ ዝም አይልም፤ አብረው እንዲጨርሱ ትርጉም በሌለው ነገር ይሞላዋል። (ስብሰባ ላይ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች እናውቃለን።)

ታዲያ አዋጥተን እንግዛው? ክርክሩ አላለቀም። ከአራት ስልካችን ሁለቱ ይህን ትዕዛዝ አይረዱትም፤ እነሱ እንደ ድሮው ዕጣቸውን እያወጡ ይሻማሉ። ራውተሩም ቢሆን ትዕዛዙን ለማሰማት መጀመሪያ አየሩን ማግኘት አለበት። ሥልጣኑም ከበራችን አያልፍም፤ የጎረቤት ራውተር አይታዘዘውም። የተለያዩ ራውተሮች እርስ በርስ እንዲቀናጁ የሚያስችለው ቀጣዩ ደረጃ ገና በመረቀቅ ላይ ነው።

ትናንት ማታ በረንዳ ላይ ቆመን በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚታዩትን ዋይፋዮች ቆጠርን። 17 ስም አገኘን። በዚህ ሞገድ ላይ ሳይነካኩ የሚሠሩት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ከ17ቱ ዘጠኙ 6 ላይ ሰፍረዋል። የእኛም እዚያው ነው።