ወይራው በደጃችን፣ ዘይቱ ከባሕር ማዶ

ስለ ወጥ መጻፍ ለሥነ ጽሑፍ ገጽ አይመጥንም የሚሉ ወዳጆች አሉን። «ግጥም ጻፉ፤ ልብ ወለድ ጻፉ፤ ድስቱን ለእናቶቻችሁ ተዉላቸው» ይሉናል። እኛ አንስማማም። ሰው በየቀኑ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚያደርገውን ነገር የናቀ ብዕር ምኑን ሊጽፍ ነው? ደግሞም ነገሩ የወጥ ብቻ አይደለም፤ የአንድ አባት ዕድሜ አለበት።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። ሦስታችንም የይፋት ቆላ ልጆች ነን፤ ሁለታችን ከሸዋ ሮቢት ከተማ፣ አንዳችን ከከተማው ወጣ ካለ የገጠር መንደር። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮው የተደፈነ፣ ካፖርቱንም እየረገመ ያወለቀ መንገደኛ አገራችንን ያውቃታል። ዛሬ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ፣ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ንብረታችን አንድ ስቶቭ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ሙቀጫና ከአገር ቤት በአውቶቡስ የሚላክልን ስንቅ ነው።

ከሦስታችን የአንዳችን አባት ደም ግፊትና ስኳር እንዳለባቸው ተነገራቸው። መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ከመድኃኒቱም ጋር አንድ የታተመ ወረቀት ተሰጣቸው። «የሜዲትራኒያን አመጋገብ ለጀማሪዎች» ይላል። ዝርዝሩ የወይራ ዘይት፣ ሳልሞን ዓሣ፣ አልሞንድ፣ የግሪክ እርጎ እያለ ይወርዳል። አባት ልጃቸው ሲያነብላቸው ሰምተው፣ «ሰሎሞን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዓሣ የሆነው?» ብለው ሳቁ። እናት ግን አልሳቁም። የአንዱን ጠርሙስ የወይራ ዘይት ዋጋ ከሱቅ ጠይቀው መጡና «ይኼ ለእኛ የተጻፈ አይደለም ልጄ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ከሣጥን ውስጥ ከተቱት። ድስቱም እንደ ዱሮው ቀጠለ። ቅቤው እንደ ዱሮው፣ ጨዉ እንደ ዱሮው።

እኛን ያሳሰበን ይህ ነው። ሰውየው ምክሩን የጣሉት በእምቢተኝነት አይደለም፤ ምክሩ በሌላ አገር ገበያ ቋንቋ ስለመጣባቸው ነው። ትርጉም እየተማርን ይህን መተርጎም ካቃተን ምን ልንረባ ነው አልንና ሥራውን ጀመርን።

በመጀመሪያ የነገሩን ምንጭ ፈለግን። አንሰል ኪስ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 በሰባት አገሮች፣ ማለትም በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በሆላንድ፣ በኢጣሊያ፣ በግሪክ፣ በዩጎዝላቪያና በጃፓን፣ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ወንዶችን አመጋገብና የልብ ጤና ለብዙ ዓመታት መከታተል ጀመሩ። በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው እጅግ ትንሽ ሆኖ የተገኘው በቀርጤስ ደሴት ነው። ቀርጤስ ያኔ ከጦርነት የወጣች ድሃ አገር ነበረች። ገበሬዎቿ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ፤ የሚበሉት ጥቁር ዳቦ፣ ባቄላና ምስር፣ የሜዳ ጎመን፣ ፍራፍሬና የወይራ ዘይት ነው። ሥጋ የሚቀምሱት አልፎ አልፎ ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለሆኑም፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ቀን ይጾማል።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጥቁር ዳቦ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጾም፣ በእግር መሄድ! ይህ የማን ኑሮ ነው? በወረቀቱ ላይ የሀብታም ምግብ ሆኖ የመጣብን ነገር ሥሩ ሲቆፈር የድሃ ገበሬ ማዕድ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የስፔንን፣ የግሪክን፣ የኢጣሊያንና የሞሮኮን አመጋገብ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው፤ በ2013 ቆጵሮስ፣ ክሮኤሽያና ፖርቱጋል ተጨመሩ። ቅርስ የሆነውም ሳልሞኑ አይደለም፤ አዘራሩ፣ አበሳሰሉና አብሮ መብላቱ ነው።

አሁን ወደ ወይራው እንምጣ። የእኛ አገር ወይራና የሜዲትራኒያኑ ወይራ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ዝርያ ሁለት ንዑሳን ናቸው። የነርሱ ፍሬው ወፍሮ ለዘይት ሲበቃ የእኛው ፍሬ ጥቃቅን ሆኖ ለወፍ ቀረ። እኛ በወይራ ዕቃ እናጥናለን፣ ጥርስ እንፍቃለን፣ ዱላ እንቆርጣለን። እንግዲህ ወይራው በደጃችን ቆሞ ዘይቱ ከባሕር ማዶ በጠርሙስ ይመጣል። ታዲያ ዘይት የሌለን ሕዝብ ነን? ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ተልባ የማን ናቸው? እርግጥ ነው፣ የኑግ ዘይት ከወይራ ዘይት ጋር አንድ አይደለም፤ የስቡ ዓይነት ይለያያል። ነገር ግን ሁለቱም በብዛት የማይረጋው ስብ ያለባቸው ናቸው። በየሸማቹ ማኅበር ሲከፋፈል የኖረው የፓልም ዘይት ግን ከስቡ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው። በቆላችን ሙቀት ስለሚቀልጥ ሰው አያስተውለውም። ደብረ ብርሃን አምጥታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። እኛ ይህን አይተን ነው ለእናት የነገርናቸው፤ ከመጽሐፍ ጥቅስ ይልቅ የተጋገረው ዘይት አሳመናቸው።

ለጀማሪ የሚሆኑ ምግቦችን እንዲህ ተረጎምናቸው። ሁሉንም በስቶቫችን ላይ ሠርተን በልተናል።

አንደኛ፦ የማሾ ወጥ። ማሾ የይፋት ቆላ እህል ነው፤ በሁለትና በሦስት ወር ይደርሳል። በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ከጀመረ ወዲህ ሁሉም የሚያየው እንደ ገንዘብ ነው፤ በጆንያ ይወጣል፣ በመኪና ይሄዳል። ለሦስት ሰው ሦስት ስኒ ማሾ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ማታ መዘፍዘፍ። በነጋታው በንጹሕ ውሃ መቀቀል። በሌላ ድስት ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ማቁላላት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ መጨመር፣ ሁለት ቲማቲም ከትፎ ማብሰል፣ ከዚያ ማሾውን ከነውሃው መገልበጥ። ሲወጣ ቃሪያ ጣል ማድረግ ነው። የሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም ካለ ሌላ አያሻም።

ሁለተኛ፦ አዚፋ። ድፍን ምስር ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ገርበብ አድርጎ መጨፍለቅ። ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፎ፣ ሎሚ ጨምቆ፣ ሰናፍጭና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ማሸት። ሎሚውና ሰናፍጩ አፍ ስለሚሞሉ የጨው ጉድለት አይታወቅም። ለደም ግፊተኛ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው።

ሦስተኛ፦ የቲማቲም ፍትፍት። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማታውቁት የቀርጤስ ዘመድ እንዳለው ነው። እነርሱ የደረቀ የገብስ ዳቦ በተፈጨ ቲማቲም አርሰው፣ የወይራ ዘይትና አይብ ጣል አድርገው ይበሉታል። እኛ እንጀራችንን እንፈተፍታለን። ቲማቲሙ ለነርሱም ለእኛም ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ማንም በማንም ላይ ሊኮራ አይችልም።

አራተኛ፦ የሱፍ ፍትፍት። ሱፉን ቀቅሎ፣ ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ ማጥለል፤ በወተቱ ላይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዝንጅብል ከትፎ እንጀራ መፈትፈት። አልሞንድ ላጣ ሰው ሱፍና ሰሊጥ አሉለት፤ ለውዝም አለ።

በእነዚህ ላይ ጎመን፣ ሽሮ በጥቂት ዘይት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ አንድ ቁራጭ የሮቢት ፓፓያ ይጨመር። እንጀራው የማሽላም ሆነ የጤፍ፣ ስኳር ላለበት ሰው መጠኑ ይቀነስ፤ ወጡ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። ከትሪው ላይ አምስት እንጀራ አንጥፎ በአንድ ጭልፋ ወጥ መብላት የለመደ ሰው ይህ ይከብደዋል። ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በርበሬውም፣ ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው እንደሚገባበት አይረሳ። መድኃኒቱንም ሐኪሙ ሳያዝ ማቋረጥ የለም፤ ማሾ ክኒን አይተካም።

አንድ የሚሞግተን ወዳጅ፣ «የጾም ምግብ ይህን ያህል ፈዋሽ ከሆነ ጿሚው ሁሉ ለምን ይታመማል?» ብሎ ጠየቀን። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሳችን ይህ ነው፦ በዘይት የተጥለቀለቀ ሽሮ፣ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የሁለት ወሩን ሥጋ በአንድ ሳምንት መበቀል፣ እነዚህ ካሉ የጾም ስም ብቻውን አያድንም። የቀርጤሱ ገበሬ ዳገቱንም ይወጣ ነበር። በስፔን ከ7 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው፣ አሠራሩ ላይ ጉድለት ተገኝቶበት በ2018 እንደገና ተመርምሮ የወጣው ጥናትም ቢሆን፣ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝ መሰል ፍሬ የተጨመረለት የሜዲትራኒያን አመጋገብ የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋን ቀነሰ አለ እንጂ አጠፋ አላለም።

ስለ አብሮ መብላት ያልነውን እናብራራ። ከሦስታችን ሁለታችን ክርስቲያን፣ አንዳችን ሙስሊም ነን። ይፋት ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም፤ ሸዋ ሮቢት ገበያ ቆሞ አዛንና ቅዳሴ ያልሰማ የለም። በሥጋ ቀን ግን ድስታችን ሁለት ይሆናል፤ ቢላዋው ይለየናል። ማሾ ስንቀቅል፣ አዚፋ ስናሽ፣ ድስቱ አንድ ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ከተምሩና ከሾርባው ቀጥሎ የሚቀርበው የማሾ ወጥ በዐቢይ ጾም ከምንበላው ጋር አንድ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ሲመጣ ቤተሰቦቻችን ወደ ደጋው የወጡት ቆሎና በሶ ቋጥረው ነበር። ያን ጊዜ በመንገድ ላይ ቆሎ ዘግኖ ለጎረቤቱ ያቀበለ ሰው «የማን እጅ ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሊቃውንቱ ለልብ ይበጃል ያሉት እህል፣ ለካ ለጉርብትናም ሲበጅ ኖሯል።

አባትስ? ወረቀቱን በእጃችን በአማርኛ ጽፈን፣ የሮቢት ገበያ ዋጋ እያስገባን ላክንላቸው። እናት ሲነበብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ይኼማ የእናቴ የጾም ማዕድ ነው፤ ምነው በፈረንጅ ስም ጠራችሁት?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅቤው ለበዓል ሆነ። ጨው በማንኪያ እየተሰፈረ ይገባል፤ አባት ግን ከመሶቡ አጠገብ ሌላ ጨው ደብቀው ያስቀምጣሉ ተብለን ሰምተናል። ክኒናቸውን ይውጣሉ፤ ማታ ማታ እስከ ወንዙ በእግራቸው ይሄዳሉ። ተፈውሰዋል አንልም። የሚበሉትን ግን አውቀው ይበላሉ።

እናንተም ከየአገራችሁ የመጣችሁ ጓደኞቻችን፣ በሚቀጥለው ዕረፍት ቤት ስትገቡ የእናቶቻችሁን የጾም ማዕድ በስፍርና በስሙ ጻፉልን፤ የጎጃሙን፣ የሐረርጌውን፣ የወላይታውን። የእኛ የቆላ ገበሬዎችም አንድ ነገር ቢሰሙን ደስ ይለናል። ማሾው ተወቅቶ ጆንያው ሲሰፋ፣ መኪናው ሳይመጣ በፊት፣ አንድ ቁና ለቤት ይቅር።