ከመስኮቱ ሥር

ስለ ሞተር ብስክሌት በዚህ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ በራሴ ባይደርስ ኖሮ እኔም ብዕር ባላነሣሁለት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የቶሮንቶ በረዶ ቀልጦ ሙቀቱ ሲገባ፣ ያገለገለች ሞተር ብስክሌት ገዛሁ። የቀድሞ ባለቤቷ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አውልቆ በምትኩ ባዶ ቱቦ ገጥሞባት ነበር። ነዳጅ ስሰጣት እንደ ሰኔ ነጐድጓድ ታገሣለች። አልዋሽም፤ ድምፁን ወደድሁት። ቀን በትምህርት ቤት ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ የለም፤ ማታ በምሠራበት ምግብ ቤትም ሳህን ከማጠብ በቀር ማንም ምንም አይጠይቀኝም። በዚያች ሞተር ላይ ስቀመጥ ግን የዳንፎርዝ ጎዳና ሰው ዘወር ብሎ ያየኛል። ስደተኛ ድምፅ የለውም ሲባል እሰማ ነበርና፣ እኔ ድምፅ ያገኘሁ መሰለኝ።

የምኖረው ከግሪንውድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች ካሉበት ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ አሮጌ ፎቅ ቤት የላይኛው ክፍል ውስጥ ነው። ከበታቼ አንዲት የአገራችን ባልቴት ይኖራሉ። ሞተሬን የማቆመው ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ነበር። ከሥራ የምመለሰው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ መስኮት ሳይከፍቱ መተኛት አይቻልም።

ከማዶ የሚኖረው ፈረንጅ 311 ደውሎ ለማዘጋጃ ቤት አመለከተብኝ። ተናደድሁ። ሕጉንም ያነበብሁት ለመታዘዝ ሳይሆን ለመከራከር ነው። የኦንታሪዮ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 75 ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ ደህና የሚሠራ ማርሚታ እንዲኖረው ያዛል፤ ሆዱ የተቦረቦረውንና ቀጥታ ቱቦ የሆነውን በስም ጠርቶ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ የዋለው የከተማው ደንብም ሞተሩ ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ከጭስ ማውጫው አፍ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲለካ፣ ድምፁ ከ92 ዴሲቤል እንዳያልፍ ወሰነ። የደንብ አስከባሪዎች የሚሄድ ተሽከርካሪ የማስቆም ሥልጣን እንደሌላቸው፣ ይህ የፖሊስ ድርሻ እንደ ሆነ ሳውቅ ግን ልቤ ረጋ። ፖሊስ በሌሊት ከእኔ የባሰ ብዙ ጣጣ አለበት።

መከራከሪያዬ የብዙ ሞተረኞች መከራከሪያ ነበር፤ ድምፄ ሕይወቴን ያድናል የሚል። ዳሩ ግን ሃሪ ሀርት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል አደጋዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት፣ ሞተረኛውን የሚያጋጥመው አደጋ በአብዛኛው ከፊት ለፊቱ እንደሚመጣ አሳይቷል። የጭስ ማውጫ አፍ ደግሞ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። ይህንንም አንብቤ ክርክሬን አልተውሁም።

አንድ እሑድ እማማ ቡና ጠሩኝ። (ባልቴቷን የምጠራቸው እንዲህ ነው።) ስለ አገር፣ ስለ እንጀራ መወደድ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ስንጨዋወት ቆየን። በረካውን ሲያቀብሉኝ፣

«ልጄ፣ ማታ የምትመጣበትን ሰዓት ብትነግረኝ» አሉኝ።

«ረበሽሁዎት እንዴ፣ እማማ?»

«የለም፣ አንተማ ሥራህ ነው። ሰዓቱን ካወቅሁ ልብስ አልለብስም ብዬ ነው።»

አልገባኝም። ቀስ ብለው አስረዱኝ። በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሳሉ፣ አንድ ሌሊት መኪና እያጓራ መጥቶ ከደጃቸው ቆመ። ታናሽ ወንድማቸውን በሌሊት ልብሱ፣ በባዶ እግሩ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሞተር ከደጃቸው ሲቆም ተነሥተው ይለብሳሉ፤ ጫማም ሳይቀር። ከዚያም የእኔ ኮቴ ደረጃውን ወጥቶ በሬ እስኪዘጋ ድረስ በአልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አድርገዋል።

«ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?»

«የሰው አገር ነው። አንተም የእናት ልጅ ነህ፣ ደክሞህ ትገባለህ።»

በአገር ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ገና በመጀመሪያው ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ምነው፣ ማታ አላስተኛኸንም» የሚለኝ ጐረቤት አይጠፋም ነበር። እዚህ አንደኛው ሳያየኝ ከሰሰኝ፤ ሌላዋ እያወቁኝ ዝም አሉ። በመካከል ያ አጥር የለም። እኔስ? በየስብሰባው ተነሥቼ ስለ ሕዝብ እናገራለሁ፤ ከበታቼ ስለሚተኛው ሰው ግን አንድም ሌሊት አላሰብሁም።

በማግሥቱ ሞተሯን ወደ ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ አሮጌ ማርሚታ ሰንጥቆ አሳየኝ። ከሲሊንደሩ በየፍንዳታው የሚወጣው ጭስ በክፍሎቹና በተበሳሱት ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የተረፈውን ደግሞ በዳር የተጠቀጠቀው የብርጭቆ ሱፍ ይውጠዋል። ያን ያህል ተንኰል ያለው ዕቃ አይመስለኝም ነበር። የሁለት ሳምንት ደሞዜን ወሰደ። ሞተሯ ስትነሣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆነች፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከፋኝ። ሌሊትም ከመንገዱ ማዕዘን ላይ አጥፍቼ እስከ ቤት እየገፋሁ አስገባት ጀመር።

በሳምንቱ እማማን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

«አሁን ደግሞ መግባት አለመግባትህን ሳላውቅ እያደርሁ ነው» ብለው ተቆጡኝ።

ስለዚህ ሌሊት ስገባ ከበራቸው አጠገብ ስደርስ አንድ ጊዜ እስላለሁ። እሳቸውም ከውስጥ ስለው ይመልሱልኛል።